የኋላ ግራው የጋሽ ቱሊዮ ነው

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። እኔማ ለነገ ገበያ የዳጣ ቃሪያ እየቀነጠስኩ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የልጅ ልጄ ምሕረት ስልኳን ይዛ መጣችና «እማማ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አለችኝ። አየሁ። ነጭ እብነ በረድ የለበሰ መቃብር ነው፤ አበባ በአበባ ሆኗል፤ ዙሪያውን ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

«ጣልያን አገር ነው» አለች። «ትልቅ ገጣሚ ነው አሉ። እየሄዱ ግጥሙን ያነቡለታል። ሐዋሳ ነበር የኖረው ይላል እኮ፣ ታውቂዋለሽ?»

ፎቶው ጥግ ላይ የሰውየው ፊት ነበረበት። እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ማወቅ ብቻ!

«ከሥሩ ምንድነው የተጻፈው?» አልኳት።

በስልኳ አስተርጉማ አነበበችልኝ። «የመጨረሻ ዘመኑን በአንዲት ሩቅ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ቋንቋውን በማይሰሙ ሰዎች መካከል፣ ብቻውን በዝምታ አሳለፈ። ዛሬ ግን በሚወዱት ወገኖቹ መካከል አርፏል» ይላል።

ቃሪያው ከእጄ ወደቀ። ብቻውን? በዝምታ? ጋሽ ቱሊዮ? ደግሞስ «ሩቅ ከተማ» ማለት ምን ማለት ነው? ሐዋሳ ከማን ነው የምትርቀው? እኔ እዚህ ስኖር አንድም ቀን ርቃኝ አታውቅም።

ሌሎቹም ልጆች ቁጣዬን ሰምተው ተሰበሰቡ። «በይ ንገሪን» አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ ጻፊው አሉኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጅ አዝዬ ነው። ነገሬ ወዲያና ወዲህ ቢል ታገሱኝ። ፊደሉን ምሕረት ታቃናልኛለች። ቁጣውን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ።

ጋሽ ቱሊዮ ወደዚህ ከተማ የመጣው የእንጨት ሥራ ሊያስተምር ነው። ከመሃል ከተማ ወጣ ብሎ አንድ ማሠልጠኛ ነበር፤ ተማሪዎቹ ቤት ሲያፈላልጉለት የእኔን ሰርቪስ አገኙለት። «ለጥቂት ወር ነው» ብሎ ገባ። ሬሳው ነው የወጣው።

ረጅም ነው፣ ከወገቡ ትንሽ ጎበጥ ያለ። ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ሰጋቱራ አይጠፋም፤ ሲናደድ ሰጋቱራው ይረግፋል። የሚናደደውም ብዙ ጊዜ ነው። አንቱ ስለው «እኔ አንድ ነኝ፣ ማንን ነው የምትጠሪው?» እያለ ሲነጫነጭብኝ አንተ አልኩት፤ በዚያው ቀረ።

ቋንቋውን የማይሰሙ ሰዎች ይላሉ እንግዲህ። የእኛን ሰፈር አናጢዎች ጠይቁ። ሰጋቱራ የሱ ቋንቋ ነው፣ ኮላ የሱ ቋንቋ ነው። አናጢዎቹ ሲያወሩ ሰምቶ «ግማሹን ሰርቃችሁኛል፣ ግማሹን መልሱልኝ!» ይል ነበር። እሱ ደግሞ የእኛን ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ነው የተማረው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የለመደው ስድቡን ነው። ሰላምታውን ቆይቶ ነው የደረሰበት። እንግዳ ሲመጣበት በሲዳምኛ «ዳኤ ቡሹ!» ብሎ፣ እንኳን ደህና መጣህ ማለቱ ነው፣ ይጮኻል፤ ከዚያ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ከዚያ በራሱ ቋንቋ ይረግማል። አንድ ሰው ሊጎበኘው መጥቶ ሦስት ቋንቋ ሰምቶ ይሄዳል። ዝምታ ይላሉ!

ጠዋት ጠዋት የጽሕፈት መኪናውን ሲቀጠቅጥ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ይመስላል። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ግቢ ውስጥ እየተመላለሰ ጮክ ብሎ ያነባል። ውሻዬ እየተከተለ ይጮኻል። ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ የለም። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ጠየቅኩት።

«ምንድነው የምትጽፈው ጋሽ ቱሊዮ?»

«ግጥም።»

«ለማን?»

«ለማይወዱኝ ሰዎች።»

«ለሚወዱህስ?»

«ለሚወዱኝ ወንበር እሠራለሁ» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እውነቱን ነው። ለእኔ ዳጣ የምሸጥበትን ጠረጴዛ ሠርቶልኛል። ለእድራችን ደግሞ ከዋንዛ እንጨት ረጅም አግዳሚ ሠራ። ስለዚያ አግዳሚ መናገሬ አይቀርም፤ አሁን ግን ስለ ዓሣው ልንገራችሁ፣ እንዳልረሳው።

አሞራ ገደል ከእኔ ጋር ይወርድ ነበር። እኔ ከዓሣ ቆራጮቹ አጠገብ ዳጣዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ እሱ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ ያያል። አንገታቸውን ቀብረው ሲቆሙ «ዘነቡ፣ ተመልከቻቸው፣ ለቀስተኛ ይመስላሉ፤ ግን ማንንም አይቀብሩም፣ የሚበላ ነው የሚጠብቁት። እኔ አገር እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ» ይለኛል። አንድ ጠዋት መረብ ሲወጣ ያልደረሰ ቆሮሶ፣ ገና ጣት የሚያህል፣ ከትልልቁ ጋር ተቀላቅሎ አየ። አንዱን አንስቶ ጀልባው ላይ ጮኸ።

«ይሄ ሕፃን ነው! እናቱ የት አለች? እናቱን አምጡ!»

አጥማጁ ቀና ብሎ አየውና «ጋሽ ቱሊዮ፣ እናቱንማ ትናንት ነው የበላሃት!» አለው።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ዓሣዋን ግን ውሃው ውስጥ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ርሶ ነው የለቀቃት። የሚቆጣው እንዲህ ነው። ለራሱ ተቆጥቶ አላየሁትም።

እንግዲህ ወደ እድሩ ልምጣ። የእኛ እድር የሰፈር እድር ነው፤ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ሙስሊሙም አለበት። ሊቀመንበሩ ጋሽ ዳንጊሶ ነበር፣ የሲዳማ ሽማግሌ፣ ንግግር የማይወድ፣ ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል ገመዱን ራሱ ካልጠቀለለ እንቅልፍ የማይወስደው። ጋሽ ቱሊዮ በመጣ በዓመቱ አባል ልሁን ብሎ ጠየቀ። አንዳንዱ ሳቀ። ጋሽ ዳንጊሶ አልሳቀም። «ቀብር ትመጣለህ?» አለው። «እመጣለሁ» አለ። አለቀ።

መጣም። ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ጋሽ ቱሊዮ መጋዙን ጥሎ ይመጣል። ሟቹን ያውቀው አያውቀው ግድ የለውም። ሬሳው ከቤት ሲወጣ በሰው መሃል እየተሽሎከሎከ ይሄድና የሬሳ ሳጥኑን የኋላ ግራ ማዕዘን ይይዛል። ሁልጊዜ የኋላ ግራውን። ሌላ ሰው ቀድሞት ከያዘ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ያስለቅቀዋል። ወጣቶቹ ይቀልዱበታል፦

«ጋሽ ቱሊዮ፣ ያቺን ማዕዘን ተከራይተሃታል እንዴ?»

«ገዝቻታለሁ!»

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እሱ የሠራው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከመቀመጡ በፊት እንጨቱን በመዳፉ ሁለቴ ይመታዋል፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው። አግዳሚው ከተወዛወዘ «እግሩ ደህና ነው፤ መሬታችሁ ነው ጠማማ» ይላል።

ለምን የኋላ ግራውን እንደሚይዝ ያወቅኩት አንድ መረብ ጎታች የሞተ ጊዜ ነው። ልጁ ከየት እንደመጣ በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሐይቁ ዳር ያድር ነበር፤ ወባ ይሁን ሌላ፣ ታሞ በጥቂት ቀን ሞተ። ዘመድ የለውም፣ የእድር አባል አይደለም። ጥሩምባው ግን ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀልን፤ ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ወጣ። ጋሽ ዳንጊሶ የራሱን ልጅ እንደቀበረ ሰው አለቀሰ። ጋሽ ቱሊዮ ግራ ገብቶት ጠየቀው፦

«የማን ልጅ ነው?»

«የኛ ነዋ» አለው ጋሽ ዳንጊሶ። «እዚህ አይደል የሞተው?»

ጋሽ ቱሊዮ ተነሳ። ሄዶ የኋላ ግራውን ያዘ። ስንመለስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሰው ተበተነ። ጋሽ ዳንጊሶ ወዲያ ጥግ ቆሞ የድንኳኑን ገመድ ይጠቀልላል። እኔ የንፍሮውን ሰፌድ እየሰበሰብኩ ነበር፤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። ባደገበት ከተማ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። ከተማው በሙሉ የሚበላው ከዚያ ነው። የፋብሪካው አቧራ ሠራተኞቹን ሳንባቸውን እያደረቀ ይገድላል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። አባቱም የሞተው በዚያ ነው። እሱ ግጥም ጻፈ። የሞቱትን በየስማቸው፣ ዝም ያሉትንም በየስማቸው ጠራ። ከተማው ተነሳበት። እንጀራችንን ልትዘጋ ነው አሉት። የቤታቸውን መስኮት በድንጋይ ሰባበሩት፤ ባለ ሱቁ ለእናቱ ዳቦ አልሸጥም አለ። እናቱም በዚያው ሰሞን ሞተች።

«ቀብሯ ላይ ማን መጣ?» አልኩት።

«እኔ ነበርኩ። ቄሱ ነበር። ሳጥኑን የሠራው አናጢ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ማንም የለም፣ ዘነቡ። ሳጥን አራት ማዕዘን ነው ያለው። አናጢው ከፊት ያዘ፣ ቄሱ ከፊት ያዘ፣ እኔ ከኋላ ቀኙን ያዝኩ። የኋላ ግራውን የሚይዝ ጠፋ። በየመስኮቱ ሰው ቆሞ ያየናል። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሚወጣ የለም። በመጨረሻ አናጢው ሄዶ የአትክልት ጋሪ አመጣ። እናቴን በጋሪ ገፍተን ነው የቀበርናት።»

እኔ ምን እላለሁ? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጠላት እንኳ ቢሆን ይቀበራል እኮ! ሬሳ ተከልክሎ? እናት? ደሜ ፈላ።

«እኔ የሞትኩ ቀን» አለኝ፣ «ወደዚያ እንዳትልኩኝ። እዚያ አራተኛ ሰው የለኝም። እዚሁ ቅበሩኝ።»

«ምን ያለ ወሬ ነው!» ብዬ ተቆጣሁት። ገመዱን ሲጠቀልል የነበረው ጋሽ ዳንጊሶ ግን ቀና ሳይል «ሰምቻለሁ» አለ። ያቺን ቃል አትርሱብኝ።

ጋሽ ቱሊዮ ብዙ ሳይታመም ሞተ። ጥሩምባው ሲነፋ አሞራ ገደል ጀልባዎቹ አልወጡም። ሰው መንገዱን ሞላው፤ ባጃጅ ማለፊያ አጣ። እናንተ ልጆች «ብቻውን» የሚለውን ስታነቡ ያን ቀን አስቡት። ሬሳው ከእኔ ግቢ ሲወጣ ጠብ ሊነሳ ነበር፤ የኋላ ግራውን እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ በሚል። ያ እናቱን ትናንት በላሃት ያለው አጥማጅ «እኔ ነኝ የምይዘው!» ብሎ የሰው ክንድ ይዞ ይገፋል። አናጢዎቹ ተማሪዎቹ ናቸውና የኛ ነው ይላሉ። ጋሽ ዳንጊሶ መጣና ሁሉንም ገለል አድርጎ ማዕዘኑን ትከሻው ላይ አደረገ። ሲደክመው እየተቀባበሉ ነው ካቶሊኮቹ መቃብር ድረስ ያደረሱት። የትኛውም ማዕዘን አንድ እርምጃ እንኳ ባዶ አልሄደም።

እንግዲህ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበረበት? አላበቃም። ሰውየው እዚያ አገሩ ትልቅ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው። ግጥሞቹ ታተሙ፣ ተነበቡ፣ ተሸለሙ አሉ። ያ ፋብሪካ ተዘግቷል፤ ዝም ያሉትም አርጅተው ሞተዋል። ታዲያ ከዚያች ከተማ መልእክት መጣ፦ ልጃችንን እንወስዳለን፣ ሐውልት ሠርተንለታል፣ አፅሙን ስጡን። የሩቅ ዘመድ ፈቅዷል የሚል ወረቀት አለ፣ ማኅተም አለ፣ ሁሉም ነገር አለ።

እድሩ ተሰበሰበ። ጋሽ ዳንጊሶ ወረቀቱን ይዞ ቆመና «መጥተዋል። ሊወስዱ ይፈልጋሉ። ሕጉ ፈቅዶላቸዋል» አለ። እኔ ተነሳሁ። ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«የቱን ልጃቸውን ነው የሚወስዱት? መስኮቱን የሰበሩበትን? እናቱን በጋሪ ያስገፉትን? ጋሽ ዳንጊሶ፣ እርስዎ አልሰሙም? እዚሁ ቅበሩኝ ሲል ገመድ እየጠቀለሉ አልነበረም?»

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ይከልክሉ!»

«ዘነቡ፣ ተይ። እንግዳ ናቸው። ከዚያ ሁሉ አገር መጥተው ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። ነውር ነው።»

«አንተ ነህ ነውር!» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። እሱ አጎንብሶ ወረቀቱን አጠፈ። ከስብሰባው ተነስቼ ወጣሁ።

ሰዎቹ የመጡ ዕለት ዘንቦ ነበር። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኗል። ከንቲባቸው ባለ ሦስት ቀለም መቀነት በደረቱ አጋድሟል፤ ጫማው ነጭ ነው። ጭቃውን አየና ከአስተርጓሚው ጋር ተነጋገረ። አስተርጓሚው ከሌላ ከተማ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። «የእድሩ ሰዎች አውጥተው አሽገው አዳራሽ ያምጡልን ብለዋል» አለ። ልብ በሉ! ከዚያ አገር ድረስ መጥተው መቃብሩን ለማየት ጭቃ አስፈራቸው። አንዳቸውም አልሄዱም። ጋሽ ዳንጊሶና ቀባሪዎቹ አካፋ ይዘው ብቻቸውን ሄዱ።

ከሰዓት መሃል ከተማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጠራን። የፊተኛው ወንበር ለባለሥልጣንና ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነው፤ እኛን የእድሩን ሴቶች ከኋላ አስቀመጡን። ጋሽ ዳንጊሶና ሦስት ሰዎች ሳጥኑን ይዘው ገቡ። ትንሽ ነው፤ በቆርቆሮ ተበይዶ ተዘግቷል፣ በላዩ ባንዲራቸውን አለበሱት። ጋሽ ዳንጊሶ የኋላ ግራውን ይዟል። እሱን ሳይ ይበልጥ ተናደድኩ፤ አሳልፎ እየሰጠ ማዕዘኑን መያዙ።

ከንቲባው ንግግር አደረገ። ብቸኛ ነበር አለ። ማንም አልተረዳውም አለ። ዛሬ ልጃችን ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ከእናቱ አጠገብ ያርፋል አለ። ከእናቱ አጠገብ ሲል እኔ ቆሜያለሁ። መቆሜን አላወቅኩም፤ ምሕረት ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፣ ዛሬ አታስታውሰውም፣ ቀሚሴን ስትጎትተኝ ነው የሰማሁት።

«ልጄ» አልኩት አስተርጓሚውን፣ «ጠይቅልኝ። እናቱ የሞተች ቀን የዚያች ከተማ ሰው የት ነበር? የሳጥኗን የኋላ ግራ ማን ያዘ? ልክ እንዳልኩህ ጠይቅልኝ።»

ልጁ ቀላ። ወደ ከንቲባው ዞሮ ተናገረ። ጥቂት ቃል ናት፣ የእኔ ነገር በዚያች አያልቅም። ከንቲባው ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ አዳራሹ አጨበጨበ! እንዳልተረጎመው ያን ጊዜ አወቅኩ። ምን ብሎ እንደነገረው እግዜር ይወቅ፤ እናቱ እንኳን ደስ አላት ብሎ ይሆናል።

«አልተረጎምክም!» ብዬ ጮኽኩ። «አትውሰዱት! የኛ ነው፣ እዚህ ነው የሞተው!» እንባዬ ወረደ። ከንቲባው ይሄን ሲያይ ከመድረኩ ወርዶ መጣና ሁለት ጉንጬን ሳመኝ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ። ከሁሉ ከሁሉ ያ ስሞሽ ነው የሚያናድደኝ። ልጆቹ ፎቶው አሁንም ስልክ ላይ አለ ይሉኛል፤ «አመስጋኝ ነዋሪ» ተብሎ ተጽፎበታል። አመስጋኝ!

ሳጥኑ ሄደ። በማግስቱ መቃብሩ ጋ ሄጄ አፈሩ የተገለበጠ መሆኑን አየሁ፤ መስቀሉም ጠሟል። ዞር ብዬ ተመለስኩ። ባዶ ጉድጓድ ላይ ምን አደርጋለሁ? ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መቃብር ለሌላ ሰው ቀብር እንኳ ስሄድ በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።

ይባስ ብሎ ደግሞ በቀጣዩ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስገባ አግዳሚው የለም። የጋሽ ቱሊዮ አግዳሚ፣ የዋንዛው። በምትኩ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል። ጋሽ ዳንጊሶ ጋ ሄድኩ።

«አግዳሚውስ?»

«አርጅቶ ነበር። የለም።»

«አንተም አርጅተሃል፣ ማን ጣለህ?»

አጠገቡ የነበሩት ሳቁን ዋጡት። እሱ ገመዱን ጠቀለለ። ሰውየውን ሰጠህ፣ የሠራልንን ደግሞ ለማገዶ አደረግከው ብዬ ተቀየምኩት። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን ብቻ ነው የምነቀንቅለት። ለብዙ ዓመት። ሚስቱ ላስታርቃችሁ ብላ ዓሣ ቀቅላ ጠርታኝ አልሄድኩም።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ዳንጊሶ ታመመ። የማይነሳበት ሕመም መሆኑ ሲታወቅ ሚስቱ ራሷ መጣች። «ይፈልግሻል፣ ነይ» አለችኝ። ሄድኩ። ቀን ነው፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ፀሐይ አልጋው ላይ ደርሷል። ከስቷል። ሚስቱን ውጪ ላካት።

«ዘነቡ፣ አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ» አልኩት። ታሞም ቢሆን አልዋሸሁትም።

«ደግ አደረግሽ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ቁጣሽ ባይኖር ሳጥኑን ይከፍቱት ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ሰው ከፍተን እንይ ማለት ጀምሮ ነበር። አንቺ ስትጮሂ፣ ስታለቅሺ፣ ‹በቃ ተዉት፣ ሴትየዋን አታሰቃዩአት› አለ። ሰው ለባዶ ነገር እንደዚያ አያለቅስም ብሎ ነዋ።»

ምን እንደሚል አልገባኝም። አየሁት። እሱም አየኝ፤ ዓይኑ ይስቃል።

«አፈሩን ከላይ ከላይ ነው የነካነው» አለኝ። «ሰውየውን አልነካነውም። እዚሁ ቅበሩኝ ብሏል፣ ሰምቻለሁ ብያለሁ። ግን ባዶ እጃቸውን መላክ ደግሞ ነውር ነው። አናጢዎቹ አንድ አሳብ አመጡ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንቺ ምስጢር ትችያለሽ? እንደዚያ የምትጮሂ ሰው?»

ጋሽ ዳንጊሶን ቀብረነዋል። ከእንግዲህ የሚጠየቅ የለምና ልጻፈው። ጋሽ ቱሊዮ ያለው እዚሁ ካቶሊኮቹ መቃብር፣ ያ ጠማማ መስቀል ሥር ነው። እዚያ ማዶ፣ ያ ሁሉ አበባ የሚደረደርበት፣ ከንቲባው ጎንበስ የሚልለት፣ ግጥም የሚነበብለት እብነ በረድ ሥር ያለው ግን፣ ተሰንጥቆ፣ በሰጋቱራና በሐይቁ ዳር ጠጠር ተጠቅጥቆ የተበየደው የእድራችን አግዳሚ ነው።